ግራ የገባው ቀኝ ትከሻ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስኪ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፦ ጀርባን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ መንሸራተት፣ ያውም በማይታዘዘው ወገን፣ ማለትም ባልለመድነው ትከሻ እያየን። ስኪ የሚሄዱ ሰዎች ይህን «ስዊች» ይሉታል። ሁለቱም እግር በአንድ ሰሌዳ ላይ በሚቆምበት ስኖውቦርድ ላይ ቃሉ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚለወጠው ከፊት የሚቀድመው እግር ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ስለ ስኪ ነው።

ጥያቄ፦ አራተኛ ክረምቴ ነው። ወደ ፊት ስሄድ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን፣ መካከለኛውን መንገድ ያለ ችግር እወርዳለሁ። ወደ ኋላም በግራ ትከሻዬ እያየሁ ከሆነ ሃምሳ ሜትር ያህል እሄዳለሁ። በቀኝ ትከሻዬ ማየት ስጀምር ግን ሁለት ሦስት ሜትር ሳልሄድ ስኪዎቹ ይዞሩና ወደ ፊት ይወስዱኛል፤ አለዚያ በጎኔ እወድቃለሁ። አንገቴ ጤነኛ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?
— ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ አንገትዎ ጤነኛ መሆኑን እናምናለን፤ ችግሩ አንገት ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የሰው አንገት ወደ አንድ ጎን የሚዞረው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኋላ ያለውን በቀጥታ ለማየት 180 ያስፈልጋል። ዓይን ወደ ጥግ ሲንቀሳቀስ ጥቂት ይጨምራል፤ የቀረውን መስጠት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው፣ ጎድን የተያያዘበት የጀርባ ክፍል ነው። በለመዱት ወገን ይህ ክፍል ሳያስቡት ይዞራል። ባልለመዱት ወገን ግን ይደርቅና ጉድለቱን ዳሌ ይሞላዋል። ዳሌ ደግሞ በእግር በኩል ከስኪው ጋር የታሰረ ስለሆነ ብቻውን አይዞርም፤ ስኪውን ይዞ ይዞራል።

እንግዲህ በቀኝ ትከሻዎ ሲያዩ የሚሆነው ይህ ነው። ዳሌዎ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የስኪዎቹ የፊት ጫፍ ወደ ቀኝ፣ ጭራቸው ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው የሚከተለው ጭራውን ነው፤ ስለዚህ ዓይንዎ በቀኝ እያለ ሰውነትዎ ወደ ግራ፣ ወደማያዩት በኩል ይንሸራተታል። ትንሽ ቆይቶ ስኪዎቹ ለቁልቁለቱ አግድም ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት ወደ ላይኛው ጠርዝ ካልተደገፉ የታችኛው ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፤ በጎንዎ የሚወድቁት ያኔ ነው። ካልነከሰ ደግሞ ዙሩ ይቀጥልና ፊትዎን ወደ ታች ያደርግዎታል። እርስዎ የጻፉልን ሁለቱ መጨረሻዎች ከአንድ ስሕተት የሚወለዱ ናቸው።

ይህን ለማየት በረዶ አያስፈልግም። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ጉልበቶችዎን አጋጥመው በመካከላቸው መጽሐፍ ይያዙ፤ የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዎ ላይ አግድም ያድርጉና ወደ ቀኝ ይዙሩ። ግራ ጉልበትዎ ከቀኙ ቀድሞ ወደ ፊት ከወጣ የዞረው ዳሌዎ ነው። ጉልበቶቹ እኩል እንደሆኑ እንጨቱ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ በሁለቱም ወገን ያነጻጽሩ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየወገኑ አሥር አሥር ጊዜ፣ በዝግታ፣ መጨረሻው ላይ አየር እያስወጡ ቢሠሩት በጥቂት ሳምንታት ልዩነቱ ይጠባል። በደካማው ወገን አምስት ቢጨምሩ ደግ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ክብደት ነው። ሰው ወደሚያይበት በኩል ይሰምጣል፤ በቀኝ ትከሻው የሚያይ ሰው ሳያውቀው በቀኝ ተረከዙ ላይ ይቆማል። መታጠፊያውን የሚሠራው ግን የውጭው እግር ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በቀኝ ትከሻ ሲያዩ ግራ እግርዎን፣ በግራ ትከሻ ሲያዩ ቀኝ እግርዎን ይጫኑ። ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ሦስተኛው ፍርሃት የሚያመጣው ነው። ጀርባው ወደ ገደል የዞረ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ዳገቱ ያጎነብሳል። ያን ጊዜ ክብደቱ በስኪው የፊት ጫፍ ላይ ይወድቅና ጭራው፣ መንገድ መሪው ማለት ነው፣ ቀሎ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ሰውነት ከስኪው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት፤ ይህ ከሰማይ አንጻር ሲታይ ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ ማዘንበል ነው። መለኪያው እግር ውስጥ አለ፦ ክብደት በእግር መዳፍ መካከል፣ አገዳ የቡቱን (የስኪ ጫማውን) ምላስ በቀስታ እንደነካ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንደታጠፉ። አገዳው ከምላሱ ከለቀቀ ወደ ኋላ አልፈው ሄደዋል፤ በኃይል ከተጫነ ደግሞ ወደ ዳገቱ ተጣብቀዋል።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለውን የጠየቅሁት እኔው ነኝ። የት ልለማመድ? በምን ቅደም ተከተል? ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ከእርስዎ አካባቢ ኪስቶን የሚባለው የስኪ ተራራ ጥሩ ነው፤ እዚያ ስኩልማርም የሚባለው አረንጓዴ፣ ማለትም የጀማሪ መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነው። ጀማሪ ስለሚበዛበት ግን ቅዳሜና እሁድ ለዚህ ልምምድ አይሆንም። በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ማሽኑ በረዶውን እንዳስተካከለው ይሂዱ። (የኪስቶን የታችኛው ጣቢያ ራሱ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።)

በእጅ የሚያዙትን ዘንጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቢተዋቸው ይሻላል። ይዘው ከሄዱም ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ ያውልቁ፤ ወደ ኋላ ሲወድቁ የተያዘ ዘንግ አውራ ጣትን ያጣምማል።

ልምምዱ የሚጀምረው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚያበቃ፣ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቁልቁለት ነው። ሜዳው ፍሬን ስለሚሆንልዎ ፍርሃቱ ይቀላል። ቀጥታ ወደ ኋላ ይንሸራተቱ፤ በደካማው ትከሻ ብቻ ይዩ። ዓላማው በሁለቱ ስኪዎች መካከል ያለው ስፋት እስከ ታች ሳይለወጥ መድረስ ነው። ቀጥሎ ፍሬን። ወደ ፊት ስንሄድ ጫፎቹን አቀራርበን «ለ» ፊደልን እንሠራለን፤ ወደ ኋላ ሲሆን የተገለበጠ «ለ» ነው፦ ጭራዎቹ ተቀራርበው፣ የፊት ጫፎቹ ተራርቀው። ተረከዞችዎን ወደ ውስጥ ይግፉ፤ ሁለቱንም የውስጥ ጠርዞች እኩል ይጫኑ። ጭራዎቹ ከተደራረቡ ይጥላሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው የአንድ ክንድ ስፋት ይተዉ። በዚህ ቅርጽ ሦስት ጊዜ አከታትለው በፈለጉበት ቦታ መቆም እስኪችሉ ድረስ አይለፉት።

ከዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚዘለው፣ እኛ ግን ከሁሉ በላይ የምንወደው ልምምድ ነው። ሙሉ መታጠፊያ አይሠሩም። ቀኝ ትከሻዎ ወደ ቁልቁል እንዲሆን ቆመው መንገዱን በአግድም ወደ ኋላ ይሂዱ፤ በቀኝ ትከሻ እያዩ ግራ እግርዎን ጫን ያድርጉና ጭራዎቹ ጥቂት ወደ ታች እንዲወርዱ ይፍቀዱላቸው፤ ውሃ የሚፈስስበት ቀጥታ መስመር ላይ ሳይደርሱ ቀኝ እግርዎን ጭነው ወደ አግድሙ ይመለሱ። በአንድ ማቋረጥ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይሆናል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ደካማው ወገን ብቻውን ይደጋገማል፣ ጎበዙ ወገን መጥቶ አያድነውም። ሰው መታጠፊያዎቹን ቶሎ ካያያዘ በጎበዙ ወገን እያገገመ ደካማውን ሲሸፍን ይኖራል።

መንገዱ ጫፍ ሲደርሱ ቆመው፣ ስኪዎቹን ሳያዞሩ ወደ ፊት እየሄዱ ተመልሰው በዚያው ወገን ይድገሙት። ሁለት ለደካማው፣ አንድ ለጎበዙ የሚለው ሚዛን ይበቃል።

መታጠፊያዎቹን ማያያዝ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ዋናው ነገር ትከሻ የሚቀየርበት ጊዜ ነው። ሁልጊዜ የሚያዩት በቁልቁለቱ በኩል ባለው ትከሻ ነው፤ መታጠፊያው አልቆ ስኪዎቹ አግድም ሲሆኑ ያ ትከሻ ወደ ዳገቱ ዞሯል። ስለዚህ ጭንቅላት መጀመሪያ ይቀየራል፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክብደት፣ በመጨረሻ ስኪ። በቅያሬው መካከል ምንም የማይታይበት ቅጽበት አለ፤ ያ ቅጽበት ፍጥነት በሌለበት፣ በአግድሙ ላይ እንዲውል ያድርጉ። ቀጥታ ቁልቁል ላይ ሆኖ ትከሻ መቀየር ልማድ ከሆነ አንድ ቀን ሰው ላይ ያስወጣል። የ«ለ» ቅርጹ ከዚህ በኋላ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በግድ አያጥብቡት።

ስንት ቀን ላሉት፦ ቀን ከመቁጠር ደቂቃ መቁጠር ይሻላል። በእያንዳንዱ የስኪ ቀን መጀመሪያ ላይ፣ አንገትና ትኩረት ሳይደክሙ፣ ሃያ ደቂቃ። ከሰዓት በኋላ እግር ሲዝል የሚደረግ የደካማ ወገን ልምምድ የሚያስተምረው መጥፎ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፤ ትሪቫን በሚባለው የስኪ ቦታ ነው የምለማመደው። ወደ ግራ ዞሬ 180 (ግማሽ ዙር) እዘላለሁ። ማረፉ ጥሩ ነው፤ ካረፍኩ በኋላ ግን ስኪዎቼ መዞራቸውን ይቀጥሉና ጎኔ ወደ ታች ይሆናል። ጓደኞቼ «በጣም በኃይል ትዞሪያለሽ» ይሉኛል። በዝግታ ብዞርም ያው ነው።
— ከኦስሎ

መልስ፦ ጓደኞችሽ የሚያዩት ኃይሉን ነው፤ ጥፋቱ ግን ጭንቅላትሽ ላይ ነው። ወደ ግራ ዞረሽ ጀርባሽ ወደ ታች ሲሆን ማረፊያውን በሁለት መንገድ ማየት ትችያለሽ። አንደኛው ዓይንሽን ከማረፊያው ሳታነሺ ሰውነትሽ ብቻ ሲዞር ነው፤ ያን ጊዜ የምታይው በቀኝ ትከሻሽ ላይ ነው። ሁለተኛው ጭንቅላትሽ ከሰውነትሽ ቀድሞ በግራ በኩል ሲዞር ነው። ሁለተኛው ለ360 (ለሙሉ ዙር) የሚሆን ነው፤ ዙሩን ይጎትታል እንጂ አያቆምም። ግራ ትከሻሽ የለመደ ስለሆነ ሳታውቂው እሱን መርጠሻል።

መዝለሉን ለአንድ ቀን ተዪው። ሜዳ ላይ ቆመሽ፣ ከፊትሽ አሥር ሜትር ላይ ጓንት አስቀምጪ። ዓይንሽን ከጓንቱ ሳታነሺ በቦታሽ ወደ ግራ 180 ዝለዪ፤ ስታርፊ ጓንቱን በቀኝ ትከሻሽ ታይዋለሽ። ሃያ ጊዜ። ከዚያ በቀስታ እየሄድሽ፣ ስኪዎቹን ከበረዶው ሳታነሺ፣ ጠፍጣፋ አድርገሽ እያዞርሽ ሥሪው። ከዚያ የጉልበት ቁመት እንኳ በማይደርስ ጉብታ ላይ። ካረፍሽ በኋላ ወዲያው ወደ ፊት አትመለሺ፤ በቀኝ ትከሻሽ እያየሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። የሚመለስ ሰው ማረፉን እንጂ መሄዱን አልተማረም።

ወደ ቀኝ መዞርንም ከወዲሁ ጀምሪ። ፍሪስታይል ስኪ ላይ ዳኞች ልዩነትን ይመለከታሉ፤ ሁለት የዙር አቅጣጫ ወደ ፊት፣ ሁለት ደግሞ ወደ ኋላ ሲነሱ፣ በጠቅላላው አራት ይሆናሉ። ስሎፕስታይል (ተከታታይ ሐዲዶችና መዝለያዎች ያሉበት ውድድር) በ2014 ሶቺ ላይ፣ ቢግ ኤር (የአንድ ትልቅ ዝላይ ውድድር) በ2022 ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ከገቡ ወዲህ በአንድ ወገን ብቻ የሚዞር ተወዳዳሪ ከላይኛው ረድፍ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ወደ ኋላ የሚሄድበት ስኪ ግዢልኝ ይለኛል። ሱቁ ባይንዲንጉ (ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው መሣሪያ) «መሀል ላይ ይገጠም ወይስ ወደ ኋላ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል?
— ከዴንቨር

መልስ፦ ልጅዎ የፈለገው ቱዊን ቲፕ ነው፤ ጭራውም እንደ ፊቱ ወደ ላይ የታጠፈ። የዛሬው ዓይነት በሰፊው የታወቀው በ1998 የስኪ አምራቹ ሳሎሞን ቴን ኤይቲ የሚባለውን ስኪ ሲያወጣ ነው። ጭራው ጠፍጣፋ በሆነ ስኪም በተስተካከለ መንገድ ላይ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ግን ጭራው እንደ አካፋ ይገባል። ስለዚህ ለመማር ብቻ ከሆነ ወዲያው መግዛት የለብዎትም፤ ለአንድ ቀን ተከራይተው ይሞክሩ።

ባይንዲንጉን በተመለከተ፣ የመደበኛ ስኪ መግጠሚያ ከስኪው እኩሌታ ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። መሀሉ ላይ ሲገጠም ከፊትና ከኋላ ያለው ርዝመት እኩል ስለሚሆን ወደ ኋላ መሄድና በአየር ላይ መዞር ይቀላል፤ በምትኩ ወደ ፊት በፍጥነት ሲወርዱ ጫፉ አጭር ይሆንና ይንቀጠቀጣል። ተራራውን ሁሉ ለሚዞር ልጅ ከመሀሉ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ብለው ይመልሱላቸው። ቀኑን ሙሉ ፓርክ ውስጥ፣ ማለትም መዝለያና ሐዲድ በተሠራበት ስፍራ ካልዋለ በስተቀር ትክክለኛው መሀል አያስፈልገውም። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ባይንዲንግ ከመረጡ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስጠጋት ይቻላል፤ ለሚያድግ ልጅ እሱ ያዋጣል። የመልቀቂያውን ኃይል ግን ቤት ውስጥ በብሎን መፍቻ አይንኩት። ባለሙያው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማ ሶል ርዝመትና የመንሸራተት ደረጃ ጠይቆ ያስተካክለዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ወደ ላይ በታጠፈው የጭራ ክፍል ላይ ያለው ጠርዝ ከፋብሪካ ስለታም ሆኖ ከመጣ በጎማ ድንጋይ ያደብዝዙት፤ በረዶውን በሚነካው ክፍል ላይ ግን አይንኩ። ሌላው የጃኬት ኮፍያ ነው። ከሄልሜት በላይ የተጎተተ ኮፍያና እስከ አፍንጫ የተዘጋ ዚፕ አንገትን ያስራሉ፤ ስንት ልጅ ደካማ ወገን አለው የተባለው በኮፍያው ነው።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ መነፅር አደርጋለሁ። በቀኝ ስዞር ሁሉም ነገር ይደበዝዝብኛል። ዕድሜ ነው?
— ከዙሪክ

መልስ፦ መነፅሩ ሊሆን ይችላል። ለቅርብም ለሩቅም በአንድ መስታወት የተሠራ ከሆነ በጎኑ ሲያዩበት ማዛባቱ ጠባዩ ነው፤ ጠባብ ፍሬም ከሆነ ደግሞ ጥግ ላይ የሚያዩት ከመስታወቱ ውጪ ነው። ለስኪ የሩቅ ብቻ የሆነ መነፅር፣ ወይም ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ ይሻላል። አንድ ሌላ ነገር ይፈትሹ። ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ሲዞሩ ግራ ዓይንዎን አፍንጫዎ ይጋርደዋል፤ የሚያየው ቀኝ ዓይን ነው። ቀኝ ዓይንዎ ከግራው ከደከመ ደካማው ወገንዎ ከዚያ ይመጣል፤ መድኃኒቱም ደረትን ይበልጥ ከፍቶ ሁለተኛውን ዓይን ማስገባት ነው። አንገት ሲዞር የራስ ማዞር ወይም የእጅ መደንዘዝ ካለ ግን ልምምዱን ያቁሙና ሐኪም ያናግሩ። የልምምድ ቦታ ሲመርጡ፣ ስዊትዘርላንድ ውስጥ እንደ አሜሪካ አረንጓዴ ሳይሆን ቀላሉ መንገድ ሰማያዊ ነው፤ እዚያም ሆኖ ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሰፊውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሰው ብመታ ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የእርስዎ፣ ከታች ያለውን ሰው ከመቱ። በዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን አሥር ደንቦችም ሆነ በአሜሪካ ተራሮች በሚለጠፈው ደንብ ቅድሚያ ከፊት ወይም ከታች ላለው ነው፤ ፊትዎ ወደየት እንደዞረ የሚጠይቅ የለም። ጓደኛ ካለ ከእርስዎ በላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይከተልዎት። እሱ ከኋላዎ ያለውን ሁሉ ያያል፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ከዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከዘረጋ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ካነሳ ቁሙ ማለት ነው ብላችሁ ተስማሙ። የማን ቀኝ እንደሆነ ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ግን ምልክቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ፊት ለፊት ናችሁና።

ጥያቄ፦ መውደቄን ካወቅኩ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅዎን ወደ ኋላ አይዘርጉ። እጆች ወደ ፊት፣ እግሮች አንድ ላይ፣ አገጭ ወደ ደረት። እየተንሸራተቱ ለመነሳት አይሞክሩ፤ ዳሌ ከጉልበት በታች ወርዶ የታችኛው ስኪ የውስጥ ጠርዝ ሲነክስ የጉልበት ጅማት የሚበጠስበት አንዱ ዋና መንገድ ያ ነው። ሲቆሙ ይነሳሉ። ሄልሜት ሳያደርጉ ወደ ኋላ መሄድን አንመክርም፤ ውድቀቱ ብዙ ጊዜ በማጅራት በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ የሜዳ ስኪ ብቻ ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም የሚሄድበት ዓይነት። በዚህ ስኪ ልማር?
— ከስቶክሆልም

መልስ፦ አይሆንም። ሮቤል በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በሜዳ ስኪ ነው፤ ይህ ስኪ ተረከዝን አያስርም፣ የብረት ጠርዝም የለውም። ወደ ኋላ ለመታጠፍ ጭራውን የሚያዝዘው ተረከዝ ስለሆነ የታሰረ ተረከዝ ያስፈልግዎታል። ለአንድ ቀን የቁልቁለት ስኪ ከነቡቱ ይከራዩ፤ ያለዎትን የሜዳ ስኪ አይሽጡት።